ደብዳቤሽ ጭስ ጭስ ይላል

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ ለድምቡሼ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ፈጣሪ የሰጠኝን ቀን ሳላማርር ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ አልሆነልኝም እንጂ። አንቺን ከክፉ ብርድና ከክፉ አለቃ ይጠብቅሽ።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው ራሴ። የእጅ ጽሑፌን አታውቂውም፤ እስከ ዛሬ አልነበረኝማ። ባለቤቴ ጋሼሽ በሕይወት ሳለ እሱ ይጽፍልሽ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የጎረቤት ልጅ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ ረዥም ሰዓት አውርቼ እሷ ሦስት መስመር ጽፋ "ጨረስኩ እትዬ" ትላለች። ያንቺን ደብዳቤ ስታነብልኝም እንደዚያው ነው፤ ስትዘል ከፊቷ ያስታውቃል። በዚህ ተናድጄ የማታ ትምህርት ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከአንድ ዘበኛና ከሁለት ጫማ ሰፊዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ "ሀ" ስል ብታዪኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ዘበኛው ከእኔ ይቀዳል። ስሳሳትም አብሮኝ ይሳሳታል።

አስተማሪያችን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብሎናል። መጀመሪያ የሰውየውን ጤና መጠየቅ፣ ቀጥሎ የራስን ማሳወቅ፣ ጉዳይ ከዚያ በኋላ። ሰላምታዬን ጨርሻለሁና ጉዳዬን ስሚ።

ያለፈው ደብዳቤሽ ሲመጣ ከማንበቤ በፊት አሸተትኩት። አትሳቂ። ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ምን የሚያደርግ ይመስልሻል? ያገላብጠዋል፣ ይዳስሰዋል፣ ያሸተዋል። ማንበብ ከቻልኩም በኋላ ልማዱ አልለቀቀኝም። ወረቀትሽ ጭስ ጭስ ይላል። የማገዶ አይደለም፤ የሲጋራ ነው። በዚህስ ማንም አያታልለኝም። ጋሼሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያጨስ፣ እኔ እዚያው ክፍል ስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ደንበኞቼ ልብሳቸውን በወሰዱ ማግስት እየተመለሱ "እትዬ፣ ይሄ ቀሚስ አዲስ ነው ወይስ ሰው ለብሶታል?" ይሉኝ ነበር።

አጠገብሽ የሚያጨሰው ማነው?

ከቻልሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። ፊደሎቹ እየተጋፉ አስቸገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ደረጃ ስወጣ ድክም ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 21

እናቴም አክስቴም ለሆንሽው ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት የሰው አገር እየበረረ ጉልበትሽን ይሳም። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ምንም አልጎደለብኝም፤ አንቺ ብቻ ነሽ የጎደልሽው።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ ጮህኩ። አለቃችን መተኮሻው ያቃጠለኝ መስሎት ሮጦ መጣ። "አክስቴ ጻፈችልኝ!" ብለው "አክስትሽ ስትጽፍ ነው እንዴ እንዲህ የሚጮኸው?" አለኝ። ምኑን ያውቃል! ሁሉንም አንድ በአንድ አነበብኩት። ድምፅሽ አለበት። የጎረቤቷ ልጅ ስትጽፍልሽ እኮ እንደ ሊቀመንበር ነበር የምታወሪው።

እኔ እዚያው ሆቴል፣ እዚያው ምድር ቤት ላውንደሪ ውስጥ ነኝ። መስኮት የለውም። አንሶላው እርጥብ እንደሆነ በጋሪ ይመጣል፤ እኔና አንዲት ሴትዮ ጫፍና ጫፉን ይዘን ለትልቁ መተኮሻ እናጎርሰዋለን፤ በዚያኛው በኩል ደርቆ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ቆመን ነው። ላይ ፎቅ ያሉት ይተኛሉ፣ እኛ ታች የተኙበትን እናጥባለን። ለምጄዋለሁ።

ስለ ጭሱ የጠየቅሽኝ እውነትሽን ነው፤ አፍንጫሽ ዛሬም አልደከመም። የምታጨሰው አብራኝ የምትኖረው ልጅ ናት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሲጋራዋ ነው እንጂ። ክፍሏ ከክፍሌ የተያያዘ ስለሆነ ወረቀቱም ልብሴም ይጠጣዋል። ጋሼ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሽታቸው እዚህም ተከትሎኝ መጣ ብዬ እስቃለሁ።

መነጽሩን ልኬልሻለሁ። ምነው ደረጃው አደከመሽ? ተራራ ላይ ቤት ቢሰጡሽ የምትሮጪ ሴት አልነበርሽም እንዴ?

ልጅሽ ድምቡሼ


ጥር 6

ለድምቡሼ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ፈጣሪ እግርሽን ያበርታልሽ፤ የቆመን ሰው ዋጋ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

መነጽሩ ደረሰኝ። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ዞር ብል ቤቴ በአቧራ ተውጦ አገኘሁት። ንጹሕ ሴት ነኝ እያልኩ ነበር የምኖረው። ምነው ባልላክሽልኝ!

ይህስ ባልከፋ። መስኮታችን ከግድግዳው የተላቀቀበትን ክፍተት ታስታውሻለሽ? ነፋሱ አንቺ በምትተኚበት በኩል ሲገባ የጋሼሽን ባዶ የሲጋራ ፓኮዎች እያጣጠፍኩ ጠቅጥቄ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ጠንካራ ካርቶን ነው፤ መጣል አልወድም። ቁልፎቼን የማስቀምጠው በፓኮ ነው። መርፌዬን የምሰካው የፓኮ ካርቶን ላይ ነው። የሚወላገደውን ጠረጴዛ ያስተካከልኩት በፓኮ ነው።

ታዲያ መነጽሬን አድርጌ መስኮቱ አጠገብ ስቆም፣ ከክፍተቱ ውስጥ ፊደል አየሁ። ጎትቼ አወጣሁትና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። "ሲጋራ ማጨስ ለልብ በሽታ ያጋልጣል" ይላል። ሌላውን አወጣሁ፤ ያው ነው። የቁልፎቹን ገለበጥኩት፤ ያው ነው። ተንበርክኬ ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለውን አየሁ፤ እሱም ያው ነው። ድምቡሼ፣ ቤቴ ከነግድግዳው ሲጮህብኝ ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁም።

ጋሼሽ ሥራው ምን ነበር? ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ! የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀመ ቃል ሲደረድር የሚውል ሰው። ቤት ሲገባ ጋዜጣ ያነብልኛል። የሱቅ ማስታወቂያ ያነብልኛል። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳይቀር "ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይላል" እያለ ያነብልኝ ነበር። ፓኮውን ግን አንድም ቀን አላነበበልኝም። ሱቅ ሄጄ የምገዛለት እኔ! በቀለሙ ለይቼ "ቀዩን ስጠኝ" እያልኩ። ልቡ ይዞት እዚያው አልጋ ላይ ሲቀር ለቀስተኛው ሁሉ "ድንገት ነው፣ ድንገት ነው" አለኝ። እኔም "አዎ፣ ድንገት" እያልኩ አለቀስኩ። በየቀኑ ተጽፎለት ሲያነብ የኖረ ሰው ድንገት ሞተ ይባላል?

ይህን የምጽፍልሽ ለወሬ አይደለም። የአሁኑ ደብዳቤሽ ካለፈው ይብሳል። ያቺ ካሸር ወረቀትሽ ላይ ነው እንዴ የምትተኛው?

ጨጓራዬን እያመመኝ ነው። ጉድ የሆነ ጨጓራ ነው፤ ስቀመጥ ተኝቶ ደረጃ ስወጣ ይነሳል። መድኃኒቱ ከፋርማሲው ጠፍቷል። የመድኃኒቱን ካርቶን ጎን ቆርጬ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ። እዚያ ካለ ላኪልኝ።

አክስትሽ


መጋቢት 3

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ቀኑ እንዲቀናሽ፣ ጨጓራሽም እንዲያርፍልሽ እጸልያለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቶሎ ባለመጻፌ እንዳትቀየሚኝ። ሆቴሉ እንግዳ በዝቶበት የዕረፍት ቀናችንን ወስደውብን ነበር። ፋርማሲም እስካሁን አልሄድኩም፤ የካርቶንሽን ቁራጭ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።

የጋሼን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። አትፍረጂባቸው እትዬ። ምናልባት ማንበቡን ትተውት ይሆናል። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር አያየውም።

እኛ ጋ ከክሊኒክ ሰዎች መጥተው ሠራተኛውን ሁሉ ተራ በተራ መረመሩን። ነርሷ ደም ግፊቴን ለካችና "ቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም ያለበት አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። ጋሼ እንደ አባት ቢያሳድጉኝም በደም አይዛመዱኝም ብዬ ነው። ሌላም ሌላም ጠየቀችኝ። ደህና ነሽ ብላ አሰናበተችኝ። ግራ እጄን ከትከሻዬ ጀምሮ አልፎ አልፎ ያመኛል፤ አንሶላ መጎተት ነው።

አታስቢ። ደህና ነኝ።

ድምቡሼ


መጋቢት 28

ለድምቡሼ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ፈጣሪ ልብ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የአሁኑ ደብዳቤሽ ሲጋራ አይሸትም። ሳሙና ይሸታል። ተራ ሳሙና ደግሞ አይደለም፤ የላውንደሪሽ የልብስ ሳሙና ነው። ፖስታውን ስከፍት አስነጠሰኝ። ወረቀቱን ሳሙና ውስጥ ቀብረሽ ነው ያሳደርሽው?

እኔ ይህን ሽታ የመሸፈን ሥራ ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ። ጋሼሽ ደንበኞቼ በጭሱ ሽታ ሲነጫነጩብኝ ጊዜ "ላንቺ ስል አቆምኩ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሱ በከረሜላ ተሞላ። ጣፋጭ የማይወድ ሰው! ከሥራ ሲመጣ ጉንጩ እንደ ሕፃን ልጅ ተወጥሮ ይገባል። ስሞ ሲያቅፈኝ ከረሜላው ፊት ለፊት፣ ሲጋራው ከኋላ። እኔ ምን አልኩት? "ጥርስህን ትጎዳለህ" አልኩት። ጥርሱን! ያኔ የማውቀው ስለ ሽታ ነው፤ ስለ ልብ የነገረኝ አልነበረም። ጥርሱ ግን ደህና ነበር። አንድም ሳይጎድል ነው የተቀበረው።

አንቺ "ሌላም ሌላም ጠየቀችኝ" ያልሽው ነርሷ የጠየቀችሽን ልንገርሽ? "ታጨሻለሽ ወይ?" ብላሻለች። ምን ብለሽ እንደመለስሽላት አልጠይቅሽም። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው።

ከመቼ ጀምሮ?

አክስትሽ


ሚያዝያ 20

ለእትዬ፣

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ቁጣሽን ያሳጥረው።

ካሸሯ አታጨስም። አጭሳም አታውቅም። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ ሳጨስ በሩን ዘግታ የምትሳል ልጅ ናት። ስሟን በከንቱ አጠፋሁባት።

ከመቼ ጀምሮ ላልሽው፣ እዚህ በመጣሁ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽና ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ላውንደሪው ውስጥ ወንበር የለም። መቀመጥ አይፈቀድም። የሚያጨስ ሰው ግን ለአለቃው "ሲጋራ" ይለውና ይወጣል፤ አለቃው ራሱ ስለሚያጨስ አይከለክልም። ከኋላው በር ውጭ የተገለበጡ የሳሙና ጀሪካኖች አሉ፤ እዚያ ላይ ቁጭ ይላሉ። አንድ ቀን እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ሲለኝ "ትንሽ ልቀመጥ" አልኩት።

"ታጨሻለሽ እንዴ?" አለኝ።

"አላጨስም።"

"ታዲያ ወጥተሽ ምን ልትሠሪ ነው?"

ወደ መተኮሻው ተመለስኩ። በማግስቱ አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ አንድ ሲጋራ ሰጠችኝና "ያዢውና ነይ" አለችኝ። ሳልለኩሰው በጣቴ ይዤ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ፣ ያ መቀመጥ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ብዙ ቀን እንዲሁ ይዤው ብቻ ተቀመጥኩ። አንዱ "ይቺስ ሲጋራዋን ልታሳድገው ነው" ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ ለኮስኩት። አሁን በዕረፍት ቀኔም፣ ቤቴ ውስጥ ወንበር ሞልቶኝ አጨሳለሁ።

እዚህ ፓኮው ላይ ሥዕል አለው። የታመመ ልብ፣ የተቀደደ ደረት። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያየዋል። እኔ በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነው የምመዝዘው። ለማቆም ሞክሬ ነበር፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ አንሶላ ስቼ መተኮሻው ውስጥ ጣቴን ላስገባ ለጥቂት ተረፍኩ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ያንን የካርቶን ቁራጭ ይዤ ፋርማሲ ሄጄ ነበር። "ለጨጓራ ነው" ብዬ ለመድኃኒት ሻጩ ሰጠሁት። ሰውየው አየውና አየኝ። "ለጨጓራ አይደለም፣ ለልብ ነው" አለኝ።

እትዬ፣ አንቺስ ከመቼ ጀምሮ?

ድምቡሼ


ሰኔ 30

ለድምቡሼ፣

ፈጣሪ አንቺንም እኔንም ይቅር ይበለን።

ስቀየምሽ ከረምኩ። ብዕር አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። የተቀየምኩት በሲጋራው መስሎሽ ከሆነ አይደለም። ስለያዝሽኝ ነው።

ከአምና ጀምሮ ነው። ለደንበኛ ጨርቅ ይዤ ደረጃ ስወጣ ደረቴን እንደ ጉጠት ጨመደደኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ወረቀት ላይ የልቤን ነገር አወጡት። ዶክተሯ ገና ልጅ ናት፤ አንቺን ታክላለች።

"እናቴ፣ ያጨሳሉ?" አለችኝ።

"እኔን ነው? አንደበትሽን ሰብስቢ!" አልኳት።

አልተቆጣችም። "ቤት ውስጥስ የሚያጨስ ነበር?" አለችኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ። ከዚያ አስረዳችኝ። ጭሱ የደም ስርን ያጠባል አለችኝ። ኒኮቲን የሚሉት ደግሞ ልብን ያስሮጣል፤ ጠባብ መንገድ ላይ ሸክም ይዞ ሩጥ እንደማለት ነው። አብሮ የሚኖር ሰው ባያጨስም ከዚያው ይደርሰዋል አለች። ያጨሰውና ያላጨሰው አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ጭሱ አይለያቸውም።

ለምን ደበቅሽኝ ትይኛለሽ። አንደኛ፣ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛውን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልናገር። እልህ ነው። ያ ሰውዬ ዓይኔን በጭሱ አስለቅሶታል፣ ደንበኞቼን አባሮብኛል፣ በእርጅናዬ ብቻዬን አስቀርቶኛል። ልቤንም ወሰደው ብዬ በአፌ ልመሰክርለት አልፈለግኩም። ስለዚህ ጨጓራ ነው አልኩ። ከመቃብሩ ጋር እልህ ስጋባ ላንቺ ዋሸሁ።

አሁን ክሊኒክሽ ውስጥ "የለም" ያልሽው ያቃጥለኛል። አለ። እኔ አለሁ፤ የእናትሽ እህት። እናትሽም ብትሆን ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ነው ድንገት ወድቃ የቀረችው፤ መርምሮ ይህ ነው ያለን ሰው አልነበረም። ነገ ሳትይ ሂጂና ይህን ሁሉ ንገሪያቸው። አጨሳለሁ በያቸው። ግራ እጄን ያመኛል በያቸው። አንሶላ ነው ብለሽ አትናቂው፤ የእኔም ጨጓራ ነበር።

አለቃሽንም "ልቀመጥ" በይው። ምን ልትሠሪ ሲልሽ "ልቀመጥ" በይው፤ በቃ፣ መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው። ጀሪካኑ ላይ ባዶ እጅሽን ተቀመጪ። ይሳቁብሽ።

መድኃኒቱን እዚሁ አግኝቻለሁ። ከእንግዲህ መነጽርም፣ መድኃኒትም፣ ምንም አትላኪልኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጭስም ሳሙናም የማይሸት ደብዳቤ ላኪልኝ።

አክስትሽ


ነሐሴ 24

ለእትዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ተጋድሜ ስለሆነ ፊደሌ ተንጋዶብሻል። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ይመስላል።

እንዳትደነግጪ፤ አልሞትኩም። ደብዳቤሽ ሲመጣ ቤት አልነበርኩም። ከሦስት ቀን በፊት ሥራ ላይ ወድቄ ነበር። አንሶላውን ይዘን እየጎተትን ሳለ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ላብ አጠመቀኝ። አብራኝ የምትሠራው "ጫፉን ልቀቂው!" ትለኛለች፣ እኔ እጄ አልላቀቅ አለኝ። ማሽኑን አጥፍተው አወጡኝና ሆስፒታል ወሰዱኝ።

በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን የልቤን ደም ስር ከፈቱት። ነቅቼ ነበር። ዶክተሩ ከላይ ሆኖ "በዚህ ዕድሜሽ? ቤተሰብ ውስጥ አለ?" አለኝ። በዚህ ጊዜ "አለ" አልኩት። "ታጨሻለሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን በኪኒን የሚያዝ ነገር ነበር አለኝ። የልቤ አንዱ ክፍል ተጎድቷል፤ ተመልሶ እንደ ድሮው አይሆንም።

ደብዳቤሽን ያመጣችልኝ ካሸሯ ናት። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ስሟን እንዳጠፋሁባት ነገርኳት። "እኔ? ሲጋራ?" ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ደብዳቤሽን እዚሁ አልጋ ላይ አነበብኩት። "ነገ ሳትይ ሂጂ" ትይኛለሽ። ሄጄ ነው ያነበብኩት፤ ተሸክመውኝ።

አለቃው ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ከእንግዲህ መተኮሻው አጠገብ ወንበር አስቀምጠናል፣ የደከመው ሁሉ ይቀመጥ ብለናል አለኝ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር።

እኔ እንግዲህ ወደ ማሽኑ አልመለስም። ከወደቅኩ ወዲህ አላጨስኩም። አቆምኩ አልልሽም፤ ከረሜላም ሳሙናም የለኝም። ዛሬ አላጨስኩም።

ወረቀቱ ምን ይሸትሻል?

ድምቡሼ


መስከረም 18

ለድምቡሼ፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አሳልፌዋለሁ። አስተማሪዬ ቢያየው በቀይ ያሰምርበታል። ያስምርበት።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እንደ ልማዴ አሸተትኩት። ሲጋራ የለውም። ሳሙና የለውም። የሆስፒታል ሽታ ነው፤ መርፌ ሊወጉሽ ክንድሽን ሲጠርጉሽ ያለው። ሳልከፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጋሼሽ ይቀመጥበት በነበረው። ጭስም ሳሙናም የማይሸት ደብዳቤ ለምኜሽ ነበር። አጣርቼ አልለመንኩም።

አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የተናደድኩት በወንበሩ ነው። አንድ የፕላስቲክ ወንበር! እኔ ጓሮ ውስጥ የተሰበረ አለኝ፤ ዶሮ ይተኛበታል። ከዚያ ጋሼሽ ላይ ተናደድኩ። ከዚያ የሚናደዱበት ሰው አለቀብኝና ወደ ራሴ መጣሁ። ጨጓራ ነው ባልልሽ ያን ቀን ለነርሷ "አለ" ትያት ነበር። ለአንዲት ቃል ሰነፍኩ። ፊደል የተማርኩት እውነቱን ራሴ ልጽፍልሽ ነው ብዬ ነበር፤ በገዛ እጄ የጻፍኩልሽ መጀመሪያው ነገር "ደህና ነኝ" ሆነ። አስተማሪዬ ጻፊ ያለኝ ቦታ ላይ ሳላስብ አስቀመጥኩት። አንቺም እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጥሽው። የተቀረውን ስንከራከር ከረምን እንጂ የዋሸነው ሁለታችንም በመጀመሪያዋ መስመር ነው።

ትናንት ፓኮዎቹን ከመስኮቱ ክፍተት አንድ ባንድ አወጣኋቸው። ነፋሱ ገባ። በምን ልድፈነው ብዬ ስዞር፣ ስፌት መኪናዬ ሥር ያለውን ከረጢት አየሁት። ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፣ ዘመኔን ሙሉ ያጠራቀምኩት። ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ ቤቴ ጨርቅ ሞልቶት፣ መስኮቴን በእሱ ፓኮ ደፍኜ ኖርኩ። አሁን ያንቺ የድሮ ቀሚስ ቁራጭ፣ ያ ባለ ነጥቡ፣ ክፍተቱ ውስጥ አለ። ነፋሱን ይዞታል።

ካሸሯን ሳሚልኝ። ሰፌድ የሚያህል ይቅርታ አለብኝ በያት፤ ወረቀት ላይ ተኝታለች ብዬ የሰደብኳት እኔ ነኝ። የልብሷን ልክ ላኪልኝ፤ ዓይኔ ሳለ አንድ ቀሚስ ልስፋላት። ምንም የማይሸት።

አሁን ሰላምታዬ። መጀመሪያ የራሴን ልንገርሽ፤ አንቺም እንዳታፍሪ። እኔ ደህና አይደለሁም። ደረጃውን በሦስት እረፍት ነው የምወጣው። ማታ ግራ ጎኔን መተኛት አልችልም። ኪኒኑን እውጣለሁ። ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ፊደሉ አልከበደኝም።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ?

ሰላምታ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። እውነቱን መልሽልኝ።

አክስትሽ